በዋርካው ሥር ያለው ካብ

አሶሳ ውስጥ ከገበያው ወጥቶ ሽቅብ የሚሄደው የዋርካው መንገድ ግራና ቀኙ የቀርከሃ አጥር ነው። ቀርከሃ እንደ ልብ ስለሚገኝ ሰው ሁሉ በእሱ ያጥራል፤ ሲያረጅ ነቅሎ ያነደውና ሌላ ያቆማል። ከዚያ ሁሉ ግቢ አንዱ ብቻ፣ ዋርካው ጥላውን የሚጥልበት፣ በድንጋይ ካብ የታጠረ ነው። እሱም ቢሆን ሙሉ አይደለም። ሁለቱን ጎን ዞሮ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ እየዘቀጠ ይሄድና ከጉልበት በታች ሆኖ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ እንደ ሰው ሁሉ ቀርከሃ ነው። ለምን እንደዚያ እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም። ሰፈር ውስጥ የኖረ ነገር መቼ ይጠየቃል።

ውድነሽ የሻውም ጠይቃ አታውቅም። ከባሏ ጋር «ልጅ አልወለድሽልኝም» በሚል ተለያይታ፣ የስፌት መኪናዋን በባጃጅ ጭና እዚህ መንገድ ላይ አንዲት ክፍል ከተከራየች ዓመታት አልፈዋል። ክፍሏን የመረጠችው በረንዳ ስላላት ነው። ቀኑን ሙሉ በረንዳው ላይ ተቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርም ትጠግናለች፣ የትራስ ልብስ ትሰፋለች፣ የአገሩ ሴቶች የሚያጣፉትን የቶብ ጠርዝ ትዘመዝማለች። ከገበያ ስትመለስ ካቡ ላይ አረፍ ብላ ጫማዋ ውስጥ የገባውን ጠጠር አራግፋ ትነሳለች። ከካቡ ጋር የነበራት ትውውቅ ይኸው ነበር።

ቀን ቀን ደህና ነው። ቶብ ይዛ የመጣችዋ አንድ ሁለት ትላለች፣ ከፊት ለፊቷ ሽንኩርት የምትቸረችረው ብሪቱ ከመንገዱ ማዶ ሆና ታላግጣለች። አስቸጋሪው ማታ ነው። መኪናዋን ሸፍና ወደ ክፍሏ ስትገባ ድምፅ የሚባል ነገር ያልቃል። ለሁለት ሰው ማብሰል ስለለመደች የተረፈውን ጠዋት ትበላዋለች፤ እጇ ግን አሁንም ቀንሶ መጣዱን አልተማረም።

ዘመድ የላትም። አባቷ የሻው ይመር በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተነስተው አሶሳ ከሰፈሩት ሙስሊሞች አንዱ ነበር። እናቷን አታውቃትም። «ልጅ ሆነሽ ሞተች» ከማለት በቀር አባቷ ስለ እሷ አውርቶ አያውቅም፤ ስትጠይቀው ተነስቶ ይወጣል። እሱም ከጥቂት ዓመት በፊት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የሰፋሪዎች አምባ ሞቶ ተቀበረ። ያን ጊዜ ለቀስተኛ ሞልቶ ነበር፤ አምባው በሙሉ ወጥቷል። ግን ከሩቅ የሚመጣው ሁሉ «ባለ ሐዘኖቹ የትኞቹ ናቸው?» ሲል ወደ እሷ ይጠቁሙታል፤ ሰውየው ደግሞ ሌሎቹን ፍለጋ ከጀርባዋ ያይ ነበር። ያ እይታ ከልቧ አልወጣም።

እንግዲህ እንዲህ ባለችበት ነው ዓብዱልላጢፍ የመጣው። ዓብዱልላጢፍ የዚያው የካቡ ግቢ ልጅ ነው። ከሱዳን ድንበር፣ ከኩርሙክ፣ ጨርቅና ሳሙና እያመጣ ይነግዳል፤ ሱዳን ከታመሰ ወዲህ ንግዱ ቢቀዘቅዝም ቶብ አይጠፋበትም። ሚስቱ ሞታበታለች። ቶቡን ለማዘምዘም ብሎ በረንዳዋ ላይ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፤ ስፌቱ ካለቀ በኋላም አይነሳም። ብዙ አያወራም። አማርኛው የገበያ አማርኛ ነው፤ እሷንም ብሪቱንም «አንተ» ነው የሚላቸው። አንድ ቀን እንደዚሁ ተቀምጦ ቆየና፣ ጨርቁን እያጣጠፈ፣

«አንተ ብቻህን ነህ፤ እኔም ብቻዬን ነኝ። ምን ይሻላል?» አላት።

ውድነሽ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክታ ተወችው። «እናትህን ጠይቅ» አለችው።

ጠየቀ። እናቱ ዐፊፋ ሰፈሩ ሁሉ «ሐቦባ» እያለ አያቱ ያደረጋቸው አሮጊት ናቸው፤ ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኖ ሰው የሚያውቁት በድምፁ ነው። ደስ አላቸው። ኒካሁ ከረመዳን በኋላ እንዲሆን ተነጋገሩ። ወሬው በማግስቱ ብሪቱ ዘንድ ደረሰ።

«ቶቡን ያለ ቀረጥ አሳለፈው» አለች ብሪቱ ከማዶ፣ መንገደኛው እየሰማት። «አንቺን ግን ሼኹ ሳይቀርጡ የሚለቁሽ እንዳይመስልሽ።»

ውድነሽ ሳቀች። ማታ ክፍሏ ገብታም ስቃ ነበር፤ ለብቻ መሳቅ ደግሞ እንዴት ያለ እንግዳ ነገር እንደሆነ ያን ቀን አወቀች።

ሼኹ እንደተባለው ቀረጡ። ሐቦባ ዐፊፋ ቤት ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው በመጀመሪያ ወሊይ ሆኖ የሚድራት አባት፣ ወንድም፣ አጎት እንዳላት ጠየቁ። የለኝም አለች። እንግዲያው የአባትሽንና የእናትሽን ዘር የሚያውቅ አንድ ሰው ካደግሽበት ይዘሽ ነይ፣ የቀረውን እኛ እንወጣዋለን አሏት። ቀጥለው ወደ ሐቦባ ዞሩና ማንኛውንም ሙሽራ የሚጠይቁትን ጠየቁ፦ የጡት ነገር አለ ወይ? አንድ ጡት የጠቡ ወንድምና እህት ናቸው፤ ኒካህ አይታሰርላቸውም። ስለዚህ ቀድሞ ይጣራል።

ሐቦባ «ከዚህ ልጄ ጋራ አንድ የሰፋሪ ልጅ አጠባሁ» አሉ፣ እንደ ልጃቸው በገበያ አማርኛ። «ሴት ነው። ዐርዋ አልኩት። አባቱ በለስ አገር ወሰደው። እዚያ ወባ በላው።»

«አላህ ይዘንላት» አሉ ሼኹ፣ ነገሩም አለፈ።

ውድነሽ አንገቷን ደፍታ ሰማች። ልጅቷን ታውቃታለች፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል። በየረመዳኑ ሐቦባ ዐፊፋ ሩዝ በሥጋ አሠርተው ፀሐይ ስትጠልቅ በመንገዱ ላይ ላለው ቤት ሁሉ አንድ አንድ ሳህን ይልካሉ። ለሞተችባቸው ልጅ የሚያወጡት ሰደቃ ነው። የውድነሽም ደጅ ሳይደርስ ቀርቶ አያውቅም። ከዓመት ዓመት እሷ ያላበሰለችው ትኩስ ምግብ የምትበላው ያን ቀን ብቻ ስለነበር ሳህኑን ትናፍቀዋለች። በልታ ስትጨርስ «አላህ ይቀበላቸው» ትላለች።

በሳምንቱ ወደ አምባው ሄደች። አባቷን ከድሮ ጀምሮ ከሚያውቁት ሁሉ የቀሩት እትዬ ማሚቱ ናቸው፤ ጉልበታቸው ታሞ ከማንጎው ሥር አይነሱም። የአባቷ ቤት ከእሳቸው ደጅ ይታያል። ሌላ ሰው ገብቶበታል፤ አባቷ የካበው የግቢው ካብ ግን እንዳለ ነው።

እትዬ ማሚቱ ባል ልታገባ መሆኑን ሲሰሙ በወሎኛ መረቋት፣ ማንጎ አቀረቡላት፣ ሰውየው ጥርስ አለው ወይ ብለው ቀለዱባት። የመጣችበትን ስትነግራቸው ግን ቀልዱን ተዉት።

«የእናትሽን ነገር አልነገረሽም?» አሏት።

«ልጅ ሆነሽ ሞተች ነው የሚለኝ።»

«አርባ ቀን አልሞላሽም፣ የኔ አበባ። ድንኳን ውስጥ ከእኔ ጎን ነው የሞተች። ወተት የለ፣ ምን የለ። አንቺ ትጮሂያለሽ፣ አባትሽ ዳር ላይ ቆሟል። አንዲት ያገሩ ሴት ከገበያ ስትመለስ ጩኸትሽን ሰማች። የራሷን ልጅ አዝላለች። እሷ ቋንቋችንን አታውቅ፣ እኛ ቋንቋዋን አናውቅ። እጇን ዘረጋች፤ ሰጠናት።»

ከዚያ በኋላ ያለውን እትዬ ማሚቱ ረጋ ብለው አወሩላት። አባቷ በየገበያው ቀን ልጁን ሊያይ ይሄድ ነበር። ልጁን የምታጠባ ሴት ቤት ባዶ እጁን መግባት ግን አስጠላው። ምን አለውና ይውሰድ? የተሰጠው ስንዴ ለራሱም አልበቃው። ድንጋይ ግን ሞልቷል። ከወንዙ እየተሸከመ ይወስድና፣ ልጁን ታቅፎ ከቆየ በኋላ፣ ሳይመሽ አንድ ረድፍ ድንጋይ ይደረድርላታል። እንዳገሩ፣ ጭቃ ሳይነካው።

«የት?» አለች ውድነሽ።

«ከተማ ነዋ። ከዋርካው ሥር።»

የተላጠው ማንጎ እጇ ላይ ቀረ። ጭማቂው ክንዷን ተከትሎ ይወርዳል፤ አልጠረገችውም።

እትዬ ማሚቱ ይቀጥላሉ። ጡት ስትጥል አባቷ ይዟት ወደ በለስ ሄደ፤ ሥራ አለ ተብሎ ነበር። እመልስልሻለሁ ብሎ ነው ከሴትዮዋ የተለየ። እዚያ ወባው የሰውን ልጅ ፈጀ፤ የየሻው ልጅም ሞተች የሚል ወሬ አሶሳ ደረሰ። መንግሥት ሲለወጥ ልጁን በእጁ ይዞ አምባው ተመለሰ። ያኔ ሴትዮዋ ሰደቃ አውጥታላታለች አሉት። ሄዶ በሕይወት አለች ይላታል ብለው ጠበቁት። አልሄደም።

«ፈራ» አሉ እትዬ ማሚቱ። «ትቀማኛለች አለ። ልጅቱ እሷን ካየች እኔን ትተወኛለች፤ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት አለ። ሴትዮዋ በሕይወት ብትኖር ዛሬ እናት ሆና ትድርሽ ነበር። ለመሆኑ ባልሽ የማን ልጅ ነው?»

«ነጋዴ ነው» አለች ውድነሽ።

«ቀኑን ንገሪኝ። ጉልበቴም ቢሆን በባጃጅ እመጣለሁ።»

እሺ አለች። ተሰናብታ ስትወጣ በአባቷ አሮጌ ቤት በኩል ዞረችና ካቡን አየችው። በየመሐሉ አንድ ረጅም ድንጋይ ከውስጥ እስከ ውጭ ተሻግሮ ተቀምጧል፤ ክፍተቱ በትንንሽ ድንጋይ ተሸጉጧል። ልጅ ሳለች እነዚያን ትንንሾቹን የምታቀብለው እሷ ነበረች።

በባጃጅ ስትመለስ ሌላም ትዝ አላት። አባቷ ልጅ ሆና ገበያ ሲያመጣት በዋርካው መንገድ አያልፍም ነበር። በአስፋልቱ ዞሮ፣ እሷ ደከመኝ እያለች እየጎተታት፣ በሩቁ ነበር የሚገባው። ለምን ብትለው ውሻ አለ ይላታል።

ዋርካው ጋ ስትደርስ ወረደች። ካቡ እንደ ሁልጊዜው አለ። ብሪቱ ከማዶ ምን ይዘሽልን መጣሽ አለቻት። እጇን በድንጋዩ ላይ እያስኬደች ተራመደች። ረጅሙ ድንጋይ አለ። ክንድ ያህል ወዲያ ደግሞ ሌላው አለ። ትንንሾቹም በየክፍተቱ እንደተሸጎጡ ናቸው። ካቡ ዝቅ ብሎ ከሚያልቅበት ስትደርስ አባቷ እዚህ ላይ ድንጋዩን አስቀምጦ እሷን እንዳነሳ ገባት። ከግቢው ውስጥ ዓብዱልላጢፍ እየሳቀ ከሰው ጋር ሲያወራ ይሰማል። ወደ ውስጥ አልገባችም።

ከዚያ ወዲያ ዝም አለች። ሼኹ ሲጠይቁ፣ የምታውቀኝ ሴትዮ ታማለች፣ ስትድን ትመጣለች አለች። እውነትም ታማለች። ዓብዱልላጢፍ ለሚኖሩበት ሁለት ክፍል ብሎ ቢጫ የመጋረጃ ጨርቅ ከኩርሙክ አመጣላት፤ በረንዳው ላይ ዘርግታ መስፋት ጀመረች። እየሰፋች ከራሷ ጋር ትከራከራለች። የአርባ ዓመት ወተት ምን ያደርጋል? ማን ያውቃል? የምታውቀው አንዲት አሮጊት ጉልበቷን ታማ ተቀምጣለች። አባቴስ ቢሆን ዝም ብሎ አልኖረም? ደግሞ ዓብዱልላጢፍ አግዳሚው ላይ መጥቶ ሲቀመጥና «አንተ፣ ይህ ጨርቅ ቆንጆ ነው አይደለም?» ሲላት መርፌው እጇን ይወጋታል። በዚያ ሰሞን ሁለት ጊዜ ስፌቱን ፈትታ እንደገና ሰፋችው።

ረመዳን ገባ። የሰደቃው ቀን ሲደርስ ሐቦባ ዐፊፋ አስጠሯት። ገና ፀሐይ አልጠለቀችም፤ ድስቱ ከእሳት ወርዶ ሳህኖቹ ምንጣፉ ላይ ተደርድረዋል።

«ዘንድሮ አንተ ታድላለህ» አሏት። «የቤቱ ልጅ ሆነሃል።»

ሐቦባ በእጃቸው ዳብሰው ሳህን ያነሳሉ፣ በጭልፋ ይጨልፉበታል፣ «ለዐርዋ» ይላሉ፣ ይሰጧታል። ሌላ ሳህን፤ «ለዐርዋ»። ውድነሽ እየተቀበለች ወደ መንገዱ እየወጣች አደለች። ብሪቱ ተቀብላ መረቀች። ባጃጅ ነጂው መረቀ። ሁሉም ለሞተችው ጀነትን ተመኙላት፤ እሷም ቆማ አሜን አለች። ተመልሳ ስትገባ አንድ ሳህን ቀርቷል። እሱ ከሌሎቹ ሁሉ የተሞላ ነበር።

«ይህ ያንተ ነው» አሉ ሐቦባ። «ሁልጊዜ ትልቁን ላንተ ነው የምልክ። ብቻህን ነው የምትበላ ብለውኝ።»

ውድነሽ ሳህኑን ተቀብላ ቆመች። መልሳ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችው።

«ሐቦባ፣ ይቺን አልበላም።»

«ለምን?»

«ዐርዋ አልሞተችም።»

የሐቦባ እጅ ጭልፋው ላይ ቆመ።

«አባቷ የሻው ነው፤ ካቡን የካበው» አለች ውድነሽ። «ከበለስ ይዞኝ ተመለሰ። እኔ ነኝ።»

ሐቦባ ዐፊፋ ጭልፋውን አስቀመጡ፣ እጃቸውን በጨርቁ ጠረጉ፣ አንዱን ጣት አንድ ጊዜ፣ ሌላውንም እንደዚያው። ከዚያ የጠየቁት ማንም የማይጠይቀውን ነው።

«ካቡ ለምን አልጨረሰም?»

«ፈርቶ።»

«ምን ፈራ?»

«እንዳይቀሙት። እኔን።»

ሐቦባ ትንፋሻቸው ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር ሳይለይ ወጣ። «እሱ ወሰደ እንጂ» አሉ፣ «እኔ መቼ ወሰድኩ።» እጃቸውን ዘረጉ። ውድነሽ ተንበርክካ ፊቷን ሰጠቻቸው፤ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ አገጯን እየዳሰሱ በቤርታ ቋንቋ የማታውቀውን ብዙ ነገር አወሩላት። አንዱንም አልተረዳችውም። ከዚያ ሁሉ መሐል ዐርዋ የሚለውን ብቻ እየለየች ትሰማለች።

የዓብዱልላጢፍ ሳል ከደጅ ተሰማ። ሐቦባ እጃቸው ፊቷ ላይ እንዳለ ደንገጥ አሉ። ያን ጊዜ ነው እሳቸውም ኒካሁን ያሰቡት።

ቴምር ይዞ ገባ። እናቱ በቋንቋቸው ነገሩት፤ ረጅም አልነበረም። ውድነሽ ወሬውን ባትሰማም ፊቱ ላይ የት እንደደረሰ ታይ ነበር። ቴምሩን ምንጣፉ ላይ አኖረው። አዛኑ ከመስጊድ ተጠራ፤ ማንም እጁን አልዘረጋም።

«እህቴ ነህ ማለት ነው» አላት በመጨረሻ።

«ነኝ።»

«መቼ ሰማህ?»

«አምባ የሄድኩ ቀን።»

«መጋረጃ እየሰፋህ» አለ። መውቀስም አልነበረም፤ ገና ነገሩን መቁጠሩ ነው። ከዚያ ወጥቶ ካቡ ላይ ተቀመጠ። እናቱ ሁለቴ ቢጠሩትም የቀረበለት ምግብ ቀዘቀዘ።

ሼኹ ኒካህ ሳይታሰር የገለጠ ጌታ ይመስገን አሉ። ሰፈሩ እንደ ሠርግ ተደሰተ። ብሪቱ «ባል ስትፈልግ እናት አገኘች፤ ከባል እናት ይሻላል፣ እኔ ልንገርሽ» እያለች ለሽንኩርት ገዢው ሁሉ አወራች። እትዬ ማሚቱ በባጃጅ መጡ፤ ከሐቦባ ጋር አሁንም ቋንቋ ስለማይግባቡ እጅ ለእጅ ተያይዘው ዋሉ። እትዬ ማሚቱ ስለ ውድነሽ እናት የሚያውቁትን አወሩላት፤ ትንሽ ነበር፣ ግን ከዚያ በፊት ምንም አልነበራትም። ሐቦባ ግቢው ውስጥ ክፍል አለ፣ ና ግባ አሏት። በረንዳው ለስፌቱ ብርሃን አለው ብላ እምቢ አለች። ብሪቱ ብቻ ይህን ሰበብ ሰምታ ለአንዴ ሳትቀልድ ሽንኩርቷን ወደ መመደብ ተመለሰች።

ዓብዱልላጢፍ ከዚያ ወዲህ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ቶቡን በባጃጅ ይልካል። መንገድ ላይ ሲያገኛት ቆሞ ሰላም ይላል፣ ምን ጎደለ ብሎ ይጠይቃል፣ የጎደለውንም ያመጣል፤ ወንድም የሚያደርገውን ሁሉ ያደርጋል። ክረምቱ አልፎ ከኩርሙክ ሚስት አገባ። ቢጫውን መጋረጃ ጨርሳ የሰቀለችው ውድነሽ ናት፤ የሙሽራው እህት ካልሰቀለችው ማን ይሰቅለዋል። ከበረንዳዋ ሆና ስታይ፣ መብራቱ ሲበራ፣ መስኮቱ ቢጫ ይሆናል።

በየዓርቡ ሐቦባ ዘንድ ትውላለች። «እማ» ትላቸዋለች፤ አፏ ቶሎ አልለመደውም ነበር። ሲመሽ ክፍሏ ትገባለች፣ ለሁለት ሰው ታበስላለች።

ዓመቱ ዞሮ ረመዳን ሲገባ በዋርካው መንገድ ሳህን አልታደለም። ለማን ተብሎ ይታደላል? በዚያ ዕለት የሙሽራዋ ዘመዶች ከኩርሙክ መጥተው ግቢው ሞልቶ ስለነበር ውድነሽ አልሄደችም። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ተነስታ የክፍሏን በር ገርበብ አደረገችው። ተመልሳ ከተቀመጠች በኋላ ነው ለምን እንደከፈተችው የገባት፤ ሳህኑን እየጠበቀች ነበር።

አዛኑ ተጠራ። በመንገዱ ማንም አልመጣም። ነጠላዋን ደርባ ወጣችና ካቡ ዝቅ ብሎ የሚያልቅበት ቦታ ሄዳ ተቀመጠች። ድንጋዩ የቀኑን ሙቀት ገና ይዞታል። ከግቢው የሳህንና የሰው ድምፅ ይመጣል፤ ሁሉም በቤርታ ነው፣ አንዱንም አትሰማውም። ጫማዋን አውልቃ ጠጠሩን አራገፈች፤ ከዚያ ጠጠሩን ከመሬት መልሳ አነሳችና በሁለት ድንጋይ መሐል ያለ ክፍተት ፈልጋ ሸጎጠችው።

«ማን ነው እዚያ?» አሉ ሐቦባ ከውስጥ።

ውድነሽ ጫማዋን አጠለቀች። «ዐርዋ ነኝ» አለች፣ በካቡ ዝቅታም ተሻግራ ገባች።